ሣሩ በታጨደ ቀን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኖሊን ጆሮ ግን በዚያ የፈረስ ዋንጫ ማክሰኞ ጠዋት ባዳነቱን ትቶ ዘመድ ሆነላት፤ ባይሆንላት ይሻላት እንደነበር እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ መወሰን አቅቷት ነበር። ከጓሮ በኩል ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆማ የጠረጴዛ ልብሱን ከማሽኑ እያወጣች ነው። የክፍሏ መስኮት ባሏ ሌስ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት እንደሆነ ይኖራል፣ አይዘጋም። በዚያ ክፍተት የልጆቿ ድምፅ ገባ። ወንዱ ልጇ ዳሪል ለምሳው የሥጋ መጥበሻውን ብረት ይፈገፍጋል፤ ሴቷ ልጇ ኬሪን አጠገቡ ቆማ ሻይ ትጠጣለች።

«መጦሪያ ቤቱ ክፍሉን እስከ ገና አያቆይልንም» አለች ኬሪን። «ዛሬ ከሩጫው በኋላ እንንገራትና ይለይልን።»

«ከሩጫው በኋላማ ተኝታለች። አምና ፈረሶቹ ሳይነሱ አይደል እንዴ ያንኮራፋችው?»

«ይሻላል። እንቅልፍ ላይ ሆና ስንነግራት ብዙም አትከራከርም።»

«ኬሪን!»

«ምን ኬሪን ኬሪን ትለኛለህ? ገና ላይ ቧንቧ ከፍታ ተኝታ ኩሽናው ሐይቅ ሆኖ አልነበር? አንተን ሌስ እያለች ስትጠራህ አልነበር? ነገ ምድጃ ለኩሳ ብትተኛስ?»

ዳሪል ብረቱን መፈግፈጉን ቀጠለ።

ኖሊን እርጥቡን የጠረጴዛ ልብስ እንደታቀፈች ቆመች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ አገር ለዕድሜ ተብሎ አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ እሷም ስለማትወድ እኔ ጎረቤቷ አልጀምርባትም። ከኬሪን ንግግር ይልቅ የዳሪል ዝምታ ነው የጎዳት፤ ልጁ ካልተስማማ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ከዝምታውም የባሰው ደግሞ የቧንቧው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ኩሽናው ሐይቅ ሆኖ ነበር። ልጇን በባሏ ስም ጠርታው ነበር። ልጆቿ ሳይጠረጥሯት በፊት እሷው ራሷ አልጋዋ ላይ ሆና የመርሳት በሽታ መጣብኝ እንዴ ስትል ከርማለች። የእናቷን እህት እንዲሁ ነበር የጀመራት፤ በመጨረሻው የገዛ ልጆቿን ‹እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?› ትላቸው ነበር። ስለዚህ አፏን ሞልታ በመስኮቱ በኩል «ሰምቻችኋለሁ!» ማለት አልቻለችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ልብሱን አራግፋ አጠፈችው። አንድ ነገር ብቻ ወሰነች፤ ዛሬ አልተኛም። ፈረሶቹ ተነሥተው፣ ሮጠው፣ እስኪገቡ ድረስ ዓይኔን ገልጬ አያለሁ፤ የሚሉኝን ከዚያ በኋላ ይበሉኝ።

በእኛ ሰፈር በሴንት አልባንስ የፈረስ ዋንጫው ቀን ሣር ሳይታጨድ አይከበርም። ሌላው ሜልበርን ባርኔጣውንና ቀሚሱን ያስባል፤ እኛ የምናስበው ከአጥር ውጭ ያለችውን የመንገድ ዳር ሣር ነው። እንግዳ የሚመጣበት ቤት ሣሩ ጉልበት ደርሶ ከተገኘ ወሬው ከፈረሱ ቀድሞ ይገባል። ድሮ የሚያጭደው ሌስ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ዳሪል ነው። ዳሪል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ እናቴን እወዳታለሁ ሲል ግን በጎረቤትነት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰምቼው አላውቅም። በሣር ማጨጃው ሞተር ነው የሚናገረው። ለእግር ኳሱ ፍጻሜ፣ ለዋንጫው፣ ለገና ሲመጣ ገና ሰላም ሳይል ሞተሩን ከመኪናው ያወርድና ከፊት እስከ ጓሮ ሣሩን ያስተካክላል። ሞተሩ ሲነሣ ታዲያ የኖሊን አፍንጫም አብሮ ይነሣል። በጸደይ ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ የሜዳውን የሣር ብናኝ ጠርጎ እኛ ላይ ነው የሚያራግፈው፤ ግማሹ ሰፈር ያስነጥሳል፣ ግማሹ ዓይኑን ያሻል። በዚያ ላይ ደጃፉ ሲታጨድ ኖሊን ፊቷ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ላባ የገባባት ያህል ያሳክካታል።

ለዚህም ክኒን አላት። ከወጣትነቷ ጀምሮ የምታውቀው ዓይነት ነው፤ ኬሪን በየበዓሉ ስትመጣ አንድ ሳጥን ታመጣላታለች። «ጠንካራው» ይሉታል በቤታቸው። ኖሊን ክኒኑን ትውጥና ዓይኗ መክበድ ሲጀምር «ይኸው ሠራ» ትላለች። እንቅልፍ አያመጣም የተባለውን አዲሱን ክኒን ከዓመታት በፊት ሰው ሰጥቷት ሞክራው ነበር። እስከ ማታ ቁጭ ብላ ጠብቃ ምንም እንቅልፍ ሳይመጣ ሲቀር «ይሄ ውኃ ነው» ብላ ወረወረችው። ስለ አፍንጫዋም ሆነ ክኒኑ ስለሚያደርጋት ነገር ግን ለልጆቿ አውርታ አታውቅም። በሷ ዘመን ላደገ ሰው ሕመሙን ማውራት ነውር ነው፤ እግሩ ቢቆረጥ እንኳ ‹ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የሚያነክሰኝ› ይላል።

ሞተሩ ተነሣ። ኖሊን ኩሽና ውስጥ ዶሮውን ለሳንድዊች እየበጣጠሰች ነበር። የመጀመሪያው ማስነጠስ ቢላዋውን ከእጇ አስጣላት፤ ከዚያ መቆሚያ አልነበረውም። ዓይኗ ቀላ፣ እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ሽርጧ ላይ ተንጠባጠበ። መሳቢያውን ከፍታ ሳጥኑን አወጣች፣ አንዷን ክኒን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ብትውጣት ትተኛለች፤ ከተኛች ደግሞ ልጆቿ ያሉት ሁሉ እውነት ሊሆን ነው። ካልዋጠቻት በዚህ ፊት ጠረጴዛ ላይ ልትቀርብ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ሰዓት የሚወርደው እንባ ከአንጀቷ ይሁን ከሣሩ ግን እሷም ለይታ አታውቀውም ነበር።

ኬሪን ገባች። በሩ ላይ ቆም ብላ እናቷን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«እማ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«ሽንኩርት ነው።»

ኬሪን ጠረጴዛውን አየችው። ዶሮ፣ ቅቤና ዳቦ እንጂ ሽንኩርት የሚባል ነገር አልነበረበትም። የሞተሩ ድምፅ ወደ ፊት ለፊቱ በር ዞሮ ሄደ። ኬሪን እጇን ወደ እናቷ ትከሻ ልትዘረጋ ብላ ተወችውና ወደ ሳሎን ሄዳ ትራስና ብርድ ልብስ ይዛ መጣች፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ባለው በእናቷ ወንበር ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። «ክኒንሽን ዋጪና ምሳ እስኪደርስ አረፍ በይ» አለች። ክፋት አልነበረበትም። ኬሪን የዳቦ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ሌሊት ተነሥታ ሊጥ አቡክታ፣ ከጊሎንግ ድረስ መኪና ነድታ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሆኖም ያ ትራስ በመስኮቱ ከሰማችው ሁሉ ይልቅ ኖሊንን ቆረጣት። ክኒኗን ወደ ሳጥኑ መልሳ ሳጥኑን ኪሷ ከተተችው።

«ለኬኩ የሚሆን ክሬም ረስቻለሁ» አለች።

«እኔ ልሂድልሽ።»

«እግር አለኝ ኬሪን። እሱን እስካሁን አልረሳሁትም።»

እስከ ሱቆቹ ድረስ መንገዱ አጭር ነው፤ በዚያ ነፋስ ግን ረዘመባት። በየደጃፉ ሞተር ይጮሃል፣ የታጨደ ሣር ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ረጅም ተረከዝ ያደረጉ ልጃገረዶች ላባ የተሰካበት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ፈረሱ ሜዳ የሚሄደውን ባቡር ይጠብቃሉ፤ አንዷ ከወዲሁ ጫማዋን አውልቃለች። ሱቁ ብዙው ተዘግቷል። የቬትናሞቹ ዳቦ ቤት ግን ክፍት ነው፣ ሥጋ የገባበት ዳቦ አሥር ዶላር ደርሷል፤ ሌስ ቢሰማ በመቃብሩ ይገላበጥ ነበር። እንጆሪው በአራት ዶላር ነው፣ ክሬሙም አለ። ኖሊን ሁለቱንም ገዝታ በመሐረቧ አፍንጫዋን ይዛ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነው የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘች።

የመድኃኒት ባለሙያዋ ዲልሩክሺ ትባላለች፣ ከስሪላንካ ነው የመጣችው። በአገሯ ወግ በዕድሜ የምትበልጣትን ሴት ሁሉ አክስቴ ትላለች፤ በሰፈራችን ኖሊንን አንቱ የምትላት እሷ ብቻ ናት፣ ኖሊንም ከሷ ሲሆን ደስ ይላታል። የደም ግፊት መድኃኒቷን ከሷ ነው የምትወስደው። ስለ አፍንጫዋ ግን አንስታባት አታውቅም።

«አክስቴ! ምን ሆነው ነው?»

«ሣር ነው» አለች ኖሊን። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «የምውጠው ይሄን ነው፤ ያስተኛኛል። ዛሬ መተኛት አልፈልግም፣ ማስነጠስም አልፈልግም። የሚሆን ነገር ካለሽ ስጪኝ፤ ከሌለሽ ክሬሜ ሳይቀልጥ ልሂድ።»

ዲልሩክሺ ሳጥኑን አገላብጣ አየችው። «ይሄን ማን ሰጠዎት?»

«ልጄ ናት የምታመጣልኝ። ጠንካራው ነው።»

«ጠንካራ አይደለም አክስቴ፣ አሮጌ ነው። የማያስተኛውን ሞክረው አያውቁም?»

«ሞክሬዋለሁ። አይሠራም።»

«አለመሥራቱን በምን አወቁ?»

«እንቅልፍ አልያዘኝማ!»

ዲልሩክሺ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ባንኮኒውን ዞራ መጣችና ኖሊንን የደም ግፊት የሚለካበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «የክኒን መሥራት የሚታወቀው በአፍንጫ ነው እንጂ በትራስ አይደለም» አለቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ አስረዳቻት። «ሰውነትዎ የሣሩን ብናኝ ሲያይ ሌባ ገባ ብሎ ይሳሳታል። ሂስታሚን የሚባል ነገር ይለቅበታል። ሂስታሚኑ አፍንጫዎና ዓይንዎ ውስጥ የተዘጋጀለት ወንበር አለው፤ እሱ ላይ ሲቀመጥ ነው የሚያሳክከው፣ የሚያስነጥሰው። የክኒኑ ሥራ ወንበሩን ቀድሞ መያዝ ነው። አሮጌውም አዲሱም እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው።»

«ታዲያ ምንድን ነው ልዩነታቸው?»

«ሂስታሚን አንጎል ውስጥም አለ። እዚያ ሥራው ሌላ ነው፤ ነቅተው እንዲቆዩ የሚያደርግዎት እሱ ነው። አሮጌው ክኒን አንጎል ድረስ ዘልቆ ያንንም ወንበር ይይዝበታል፤ አዲሱ ግን አብዛኛው ከደጅ ይመለሳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማያስተኛው። ደግሞ በእርስዎ ዕድሜ ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ አያስወጣውም። የጠዋቱ ሳይወጣ የማታው ይደረብበታል። አፍ ያደርቃል፣ እግር ያንገዳግዳል፣ ሐሳብ ይበትናል።»

ኖሊን መሐረቧን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ ዘወር ብላ ሌላ ሰው አለመኖሩን አየች።

«ቧንቧ ከፍቶ መርሳትስ?» አለች። «የልጅን ስም መሳትስ?»

ዲልሩክሺ ሳጥኑን እንደገና አገላበጠችው። ቶሎ ‹አዎ› ብትላት ኖሊን ባላመነቻት ነበር። «ሊሆን ይችላል» አለች በመጨረሻ። «ግን ቃል አልገባልዎትም አክስቴ፤ መርሳት ሁሉ ከክኒን አይደለም። መጀመሪያ ይሄን ከመንገድ እናንሳውና የሚቀረውን እናያለን። ለሐኪምዎም ይንገሩት። የሚረሱት ሁልጊዜ ነው ወይስ ይሄን በዋጡ ቀን?»

ኖሊን ማሰብ ጀመረች። ክረምት ላይ ቧንቧ ረስታ አታውቅም። ትናንት ነፋሱ ከባሕር በኩል ስለነበረ ክኒን አልዋጠችም፣ ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ የሰማችውን አንዲት ቃል ሳትጥል መድገም ትችላለች፤ እንዲያውም መርሳት ብትችል ትወድ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ደረቷ የተነፈሰችው፣ ያውም በተዘጋ አፍንጫ። አዲሱ ክኒን ስምንት ዶላር ነው። ዲልሩክሺ ውኃ አመጣችላት፣ እዚያው ዋጠችው። ለመሥራት አንድ ሰዓት ገደማ እንደሚፈልግ፣ ከአሮጌው ጋር እንዳትደርበው፣ ነገ ግን ነፋሱ ሳይነሣ ጠዋት ብትውጠው እንደሚሻል ነገረቻት፤ ወንበሩ ሳይያዝ መቅደም ነው። አፍንጫዋ እንደተዘጋ ከቀረ የሚነፋ መድኃኒት እንደምትጨምርላት፣ ሣር ሲታጨድም መስኮት መዝጋትና ፊት መታጠብ እንደማይከፋ አከለችላት። «መስኮቱ አይዘጋም» አለች ኖሊን፣ ክሬሟን አንሥታ ወጣች።

ምሳው እንደ ወትሮው ነበር። ዳሪል ቋሊማውን አንድ ጎኑን አሳረረው፣ የሚያሳርረውም ሆን ብሎ ነው ይላል። ኬሪን አረፋ የሚያወጣውን ወይን ከፈተች፣ የኖሊንን ኬክ በክሬምና በእንጆሪ አስጌጠች። ስለ ነዳጅ ዋጋ አወሩ፣ ስለ ጊሎንግ መንገድ መዘጋጋት አወሩ፣ ጎረቤት ስለተከለው የፕላስቲክ ሣር ተሳሳቁ። ማንም የማይናገረው ነገር አብሯቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወሬው ወደሱ ሲጠጋ አንዱ ጨው አቀብለኝ ይላል። የፈረሶቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በሌስ አሮጌ ባርኔጣ ውስጥ ከተው ዕጣ ሲያወጡ ኖሊን ‹ሎሚ ሻጩ› የሚባል ፈረስ ደረሳት። ፊቷን ታጥባ ሸሚዟን ቀይራ ነበር። ማስነጠሱ መቼ እንደቆመ አላወቀችም፤ ኬኩን ስትቆርስ ነው መሐረቧን ከኪሷ ካወጣች ብዙ እንደቆየች ያስተዋለችው። ጉሮሮዋን ትንሽ ያሳክካታል፣ ዓይኗ አሁንም ቀላ ብሏል። ጭንቅላቷ ግን እንደ ተወለወለ መስታወት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ወደ ሳሎን ገቡ። ትራሱና ብርድ ልብሱ ወንበሯ ላይ ይጠብቋታል። ኖሊን ሁለቱንም አንሥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ፈረሶቹ ወደ መነሻ በራቸው ሲገቡ ዳሪልና ኬሪን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እናታቸውን በጎን በጎን ያያሉ፤ አየሩ ሲቀየር ሰማይ የሚያይ ሰው እንዲሁ ነው። በሩ ተከፈተ። «ሎሚ ሻጩ በውጭኛው በኩል ነው፣ ቢጫ የለበሰው!» አለች ኖሊን። «ኧረ ያዘው፣ አትልቀቀው፣ ዝሆን ነው እንዴ የሚጋልበው ይሄ ልጅ?» ሩጫው ከሦስት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ሎሚ ሻጩ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ኖሊን ግን ያሸነፈውን ፈረስ፣ ጋላቢውን፣ ተራውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ሌስ ከሞተ ወዲህ አንድ ሩጫ ከዳር እስከ ዳር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳሪል ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ፤ ኬሪን በዓይኗ ጠቀሰችው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«እማ፣ አንድ ነገር…»

«ቆይ ዳሪል። እኔ ልጀምር። ጠዋት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ያለ ድምፅ ዋንጫ ያነሣል። ኬሪን ብርጭቆዋን ልታስቀምጥ ፈልጋ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች።

«መስኮቱ እንደማይዘጋ ረስታችኋል» አለች ኖሊን። «እኔ ብቻ አይደለሁማ የምረሳው።»

«እማዬ፣ ክፉ አስበን አይደለም…»

«አውቃለሁ። ቧንቧውንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።» ሳጥኑን ከኪሷ አውጥታ ከኬኩ ሳህን አጠገብ አኖረችው። «የገና ዕለት ጠዋት ሁለት ክኒን ነበር የዋጥኩት። ዳሪል ከፊትም ከጓሮም አጭዶ ስለነበረ አንዷ አልበቃ አለችኝ። ሌስ እያልኩ የጠራሁህም የእግር ኳሱ ፍጻሜ ቀን ነው። ያን ቀንም አጭደሃል።» ከዚያ ዲልሩክሺ ያለቻትን ሁሉ፣ ስለ ወንበሩም፣ ስለ አንጎል ደጃፍም ነገረቻቸው። ‹ቃል አልገባልዎትም› ያለቻትንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ያን ስትናገር ብቻ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ኬሪን ሳጥኑን አንሥታ ከፊትም ከኋላም አነበበችው፣ ከዚህ በፊት አይታው እንደማታውቅ። «ለማን ነው ብለው ይጠይቁኛል» አለች። «ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ለራሴ ነው እላለሁ። ለእናቴ ነው ካልኩ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ ሌላ ምን ትወስዳለች እያሉ ያቆሙኛል… እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ።» ሳጥኑን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

ዳሪል ግንባሩን ቋጥሮ ቆየ። የሚያስብ ሰው ፊት ነበረው፣ በሱ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። «የእናቶች ቀን» አለ ድንገት። «ካርታ ስንጫወት ጠርጋ ነው የበላችን። ሁላችንንም።» በመስኮቱ ወደ ደጁ ሣር አየ። «ዝናብ ነበር። ሞተሩን አላመጣሁትም።»

«እናንተ እኔን የምታዩኝ ሣር በታጨደ ቀን ነው» አለች ኖሊን። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይቀላቸው ነበር። «አንድ ተራ ረቡዕ ኑ። ምንም በዓል በሌለበት። ሞተሩን ቤትህ ተወው፣ አንቺም ባዶ እጅሽን ነይ። ያን ቀን ቧንቧ ከፍቼ ካገኛችሁኝ ሻንጣዬን እኔው ራሴ አወጣዋለሁ።»

«ክፍሉስ?» አለች ኬሪን በቀስታ። «ስምሽን አስመዝግበናል።»

«ነገ እኔው እደውልላቸዋለሁ። ለማያስነጥስ ሰው ይስጡት።»

ዳሪል ብድግ አለና ወጣ። ኖሊን የተቀየመ መስሏት ነበር። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው በር ሲከፈት፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል መዶሻ፣ ከመዶሻው ጋር ጸያፍ ስድብ መጣ። የመስኮቱን ክፈፍ ነቅሎ፣ የደረቀውን ቀለም ልጦ፣ ብዙ ታግሎ መለሰው። ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የቀለም ፍርፋሪ ነበረበት። «ይዘጋል» አለ። እናቱን ጉንጯ ላይ ሳማት፣ ሞተሩን ጭኖ ሄደ። ረቡዕ ስለመምጣቱም ስላለመምጣቱም አልተናገረም፤ ኖሊንም አልጠየቀችውም።

ኬሪን ቀረች። «ሳህኑን እኔ ነኝ የማጥበው፣ እንዳትነኪ» አለችና ገንዳው እስኪሞላ ቧንቧውን ከፈተችው። እስኪሞላ ድረስ አረፍ ልበል ብላ ወደ ሳሎን ገባች፣ እናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኖሊን ደጅ ሆና የጠረጴዛ ልብሱን ፍርፋሪ እያራገፈች ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞሮ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ከባሕር በኩል ነው። ስትመለስ ውኃው ሲወርድ ሰማች። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቶ ጠርዙ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ዘጋችው። ሳሎን ገብታ ስታይ ኬሪን አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ እንደ ልጅነቷ ተኝታለች። ኖሊን ወለሉ ላይ ያስቀመጠችውን ብርድ ልብስ አንሥታ አለበሰቻት፣ ትራሱንም ከጉንጯ ስር አደረገችላት። ከዚያ ኩሽና ገብታ ድምፅ ሳታሰማ ሳህኖቹን አጠበች።

ሊመሽ ሲል ኬሪን በድንጋጤ ተነሣች፣ ብርድ ልብሱ ከላይዋ ወደቀ።

«ቧንቧው! እማዬ፣ ቧንቧውን ከፍቼው…»

«ዘግቼዋለሁ» አለች ኖሊን። «ተኚ።»